የሁላችን ካርድ፣ የሊታ ዕዳ

አበልጄ ኤስትሬሊታ ኑፋብሌ በአርባ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ አንድንም ሰው «ገንዘቤን መልስልኝ» ብላ አታውቅም። ይህን የምናገረው ላሞግሳት መስሏችሁ እንዳይሆን። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። እንዲህ ያለ ሰው መሀላችን ሲኖር በዙሪያው ያለነው ሁሉ ቀስ በቀስ ሌባ እንሆናለን፤ መሆናችንን እንኳ ሳናውቀው።

ሊታ እንላታለን። እዚህ ኢሎይሎ ከተማ፣ በውሃ መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛው መስኮት ላይ ትቀመጣለች። ሦስተኛው መስኮት ውሃቸው ሊቆረጥ የደረሰ ሰዎች የሚሰለፉበት ነው። «በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካልከፈሉ ውሃዎ ይቋረጣል» የሚለውን ሮዝ ወረቀት የምትጽፈው እሷ ናት። ወረቀቱን ይዘው እያለቀሱ የሚመጡትን የምታባብለውም እሷው ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይዞሽ፣ የሚቆርጡት ልጆች ያላቸው አንድ መኪና ነው፤ እሷም ጎማዋ ተንፍሷል። እስከ ሌላው ሐሙስ አይደርሱብሽም» ትላለች።

እኔ ሲድሮ እባላለሁ፤ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጃሮ ሰፈር እስከ ሞሎ ሰፈር በእግሬ እየዞርኩ፣ የሰው አጥር ሥር እያጎነበስኩ ቁጥር ስጽፍ ኖሬአለሁ። አራት ጊዜ ውሻ ነክሶኛል። የሊታን አንድ ልጅ ራንዴልን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባሏ ዶሜንግ በኩላሊት ሕመም ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ መቃብሩ ላይም «ልጅህ ልጄ ነው» ብዬ ምያለሁ። መሐላ አይከፈልበትም፣ ቀላል ነው።

ሊታ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች በአንዲት ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥላት ሴት መልስ ስትሰጣት ሃምሳ ፔሶ አጎደለችባት። ሊታ ቤቷ ደርሳ ነው ያወቀችው። ሌላ ሰው ተመልሶ ይጠይቃል፤ ሜርሊና፣ ሚስቴ ብትሆን ገበያውን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች። ሊታ ግን አንድ ወር ሙሉ በዚያ በኩል ማለፍ ተወች። ለምን ብላት፣ «ስታየኝ ትዝ ብሏት ብታፍርስ?» አለችኝ።

ካርዱ የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ጥፍሯን የተቀባች የባንክ ልጅ ባለጎማ የጉዞ ሻንጣዎች ደርድራ ቢሮአችን በር ላይ ጠረጴዛ ዘረጋች። ክሬዲት ካርድ ለተፈቀደለት ሁሉ ሻንጣ በነጻ! አሥራ አንዳችን ፎርም ሞላን። እኔ የሞላሁት ለሻንጣው ነበር፤ ይዤው የት እንደምሄድ ግን እግዜር ይወቅ። ከአሥራ አንዳችን የተፈቀደው ለሊታ ብቻ ሆነ። የሌሎቻችን ስም የሆነ ቦታ፣ የሆነ ዕዳ ላይ ሰፍሯል፤ የሞተር ብስክሌት፣ የቴሌቪዥን፣ የአራጣ። እሷ ከማንም አምስት ሳንቲም ተበድራ አታውቅማ! ካርዱ በደረሳት ቀን ለቢሮው ሁሉ ፓንሲት አስመጣች፤ ኑድሉን እየበላን «የእኛ ባንክ!» ብለን አጨበጨብንላት። ፎርሙ ላይ ተጠሪ ብላ የሞላችው የእኔን ስምና ስልክ ነበር። ያኔ እንደ ሹመት ቆጥሬው ደስ ብሎኛል።

እኛ ዘንድ ካርድ ያለው ሰው ካርዱ የብቻው አይደለም። መጀመሪያ የመጡት አለቃችን ጉስቲሎ ናቸው። «ሊታ፣ ሱቁ ያለ ወለድ በሃያ አራት ወር ይሰጣል አሉ። በካርድሽ አውጪልኝና በየወሩ ደሞዝ ቀን እሰጥሻለሁ» አሏት። ለቤታቸው የአየር ማቀዝቀዣ ነበር። አለቃን እምቢ የሚል ማን ነው? ቀጥሎ የመዝገብ ቤቷ ማሪዛ የልብስ ማጠቢያ፣ ቀጥሎ የበሩ ጥበቃ ስልክ። ቀጥሎ እኔ።

እኔ ያወጣሁት ካራኦኬ ነው። ትልቁን፣ ሁለት ማይክሮፎን ያለውን፣ መብራቱ የሚሽከረከረውን።

«አበልጄ፣ ይሄ እኮ ወጪ አይደለም፣ ንግድ ነው» አልኳት። «ለልደት፣ ለሠርግ አከራየዋለሁ። ራሱን በራሱ ይከፍላል።»

«አንተ እንዳትዘፍንበት ብቻ፤ ጎረቤት ከሶ ያሳስርሃል» ብላ ሳቀች። ሃያ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ፔሶ፤ በወር አንድ ሺህ ሁለት መቶ።

ሰባት ወር ከፈልኩ። በስምንተኛው ወር አውሎ ነፋስ የቤቴን ጣሪያ ነጠቀው። እውነቴን ነው፣ ነጥቆታል። በዘጠነኛው ግን ጣሪያው ተሠርቶ ነበር። በአሥረኛው ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። ካራኦኬው ግን ዝም አላለም፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በስምንት መቶ ፔሶ ይከራያል። ገንዘቡ የት ገባ ብትሉኝ እኔም አላውቅም። አንዳንዱ ወደ ሩዝ፣ አንዳንዱ ወደ ቢራ። «ረስታው ይሆናል» እላለሁ ለራሴ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሌሎቹም እንደ እኔው ናቸው። አለቃ ጉስቲሎ «በሚቀጥለው ቦነስ» አሉ፤ ቦነሱ መጣ፣ ሄደ። ማሪዛ ወለደች። ከመሀላችን ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ለራሳችን ደጋግመን እንነግረዋለን። ሊታ ደግሞ እኛ እንዳናፍር ትጠነቀቅልን ጀመር። ኮሪደር ላይ ልንገናኝ ስንል ቀድማ የምትታጠፈው እሷ ነበረች! አበዳሪ ከተበዳሪ ሲሸሽ ያየሁት የዚያን ጊዜ ብቻ ነው። ቢበዛ ቢበዛ ምሳ ላይ፣ ዓይኗን ማንም ላይ ሳታሳርፍ፣ «ኤጭ፣ ዛሬም የባንኩ ፖስታ መጣ። ከመወፈሩ የተነሣ በበር አልገባ አለ» ትላለች። ሩዛችንን እንደጎረስን ሁላችንም እንስቃለን። እሷም አብራን ትስቃለች።

ከራሷ ደሞዝ ትንሿን ክፍያ እየከፈለች፣ ወለዱ ወለድ እየወለደ፣ ሁለት ዓመት ሄደ። የራሷ ዕዳ የልጇ ላፕቶፕ ብቻ ነበር፤ እሱን ከጨረሰች ቆይታለች። ከዚያ ራንዴል የመርከበኛ ትምህርቱን ወደ መጨረሱ ደረሰ። አንድ ዓመት መርከብ ላይ ካልተለማመደ ዲፕሎማውን አያገኝም፤ ለምርመራው፣ ለሥልጠናውና ለወረቀቱ ደግሞ አርባ አምስት ሺህ ፔሶ ለመርከብ ወኪል ይከፈላል። ሊታ ያንን ለማጠራቀም ስትል ባንኩን መክፈል አቆመች። ስምንት ወር ሲያልፍ ባንኩ መዝገቧን ማኒላ ለሚገኝ ዕዳ አስመላሽ ድርጅት አስተላለፈው።

ስልኩ መጀመሪያ የተደወለው ለእኔ ነው። ተጠሪዋ ነኛ! ሰኞ ጠዋት አንድ ግቢ ውስጥ ቆጣሪ ላይ ጎንበስ ብያለሁ፤ ውሻው ከኋላዬ ይጮኻል።

«አቶ ኢሲድሮ ፓላብሪካ? ጠበቃ ቪያሩዝ እባላለሁ። ኤስትሬሊታ ኑፋብሌን ያውቋታል?»

«እ… በመጠኑ።»

«በመጠኑ ነው ተጠሪዋ የሆኑት? ለማንኛውም ይንገሯት። ዕዳዋ መቶ አሥራ ስምንት ሺህ ደርሷል። ኑፋብሌ የሚያጋኦ ከተማ ሰዎች የቤተሰብ ስም ነው፣ አይደል? እናቷ እዚያው መሆን አለባቸው። እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ካልሰማን ሰዎቻችን ከቀበሌ ሹሙ ጋር እናቷ ደጅ ይቆማሉ። ከዚያ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።»

ከቤተሰብ ስሟ ብቻ ተነሥቶ አገሯን ማወቁ አስደነገጠኝ። ቀሪው ግን አላስደነገጠኝም። ከበስተኋላው ሃያ ሰው አንድ ላይ የሚለፈልፍበት አዳራሽ ይሰማል። ሥራዬ የሰው ምክንያት መስማት ነውና ከልቡ የሚናገረውንና ከወረቀት የሚያነበውን እለያለሁ፤ ይኼኛው እያነበበ ነበር። በዕዳ ሰው እንደማይታሰር ደግሞ ሕገ መንግሥታችን ላይ ተጽፏል፤ ዓሣ ሻጯ ሳትቀር ታውቀዋለች።

ይህን ለሊታ ለመንገር ግን ወደ መስኮቷ መሄድ ነበረብኝ። ወደ መስኮቷ ከሄድኩ ስለ ዕዳው ልናወራ ነው። ስለ ዕዳው ካወራን ካራኦኬው መሀላችን ቁጭ ሊል ነው። ስለዚህ አልሄድኩም።

ሰኞና ማክሰኞ እግሬ አንድ ቦታ አልቆም አለ። ያነበብኩትን ቆጣሪ ተመልሼ አነበብኩ። የእኔ ባልሆነ መንደር ገብቼ የሰው ውሻ አስቆጣሁ። ንባቤን ለማስረከብ ቢሮ ስገባ በኋላው በር እገባና በኋላው በር እወጣለሁ። ቁጭ ስል እነሳለሁ፤ ስነሳ የምሄድበት የለኝም። አንዴ ሜርሊና ሽንኩርት ግዛ ልትለኝ ብትደውል ጮኼባታለሁ። ማክሰኞ የቢሮው ስልክም ይጮህ ጀመር። ማሪዛ አንስታ «ሊታ ዛሬ የለችም» ትላለች፤ ሊታ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሮዝ ወረቀት ትጽፋለች። ጥበቃው እንደነገረኝ የአንዱን ማስጠንቀቂያ ለሌላው ቤት ጽፋ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮው ሦስት መንገድ ርቄ አንድ ባቾይ ቤት ጥግ ይዤ የኑድል መረቄን ስጠጣ ወንበሩ ፊት ለፊቴ ተሳበ። ሊታ ናት። በቃ፣ መጣች አልኩ በልቤ። የሚገርመው ግን ትንሽ ቀለል አለኝ።

«አበልጄ፣ እዚህ ነህ? ሦስት ቀን ፈለግሁህ እኮ።»

«ሥራ በዛብኝ።»

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።»

«የምን ይቅርታ?»

«ተጠሪ ብዬ ስምህን ሰጥቼ አስደወልኩብህ። ያውም በሥራ ሰዓት! በእመቤቴ፣ እንዴት እንዳፈርኩ ብታውቅ።»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። «ኧረ ምንም አይደል» አልኳት። «ምን አሉሽ?»

«ነገ እስከ እኩለ ቀን ሃምሳ ሺህ በአንድ ጊዜ ከከፈልኩ ሌላውን ይተዉታል፤ መዝገቡ ይዘጋል። ካልሆነ እናቴ ደጅ ሊሄዱ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው ሲድሮ! ከዚያ ደግሞ እስር። እናቱ የታሰረችበትን ልጅ ማን መርከብ ላይ ያሳፍረዋል?»

«ሃምሳ ሺህ ከየት ታመጫለሽ?»

«የራንዴል አርባ አምስቱ አለ።»

«እሱ እኮ ዓርብ የሚከፈል ነው!»

«አውቃለሁ» አለች። የጎረቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዳይሰማ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ሶፍት አንስታ ንጹሑን ጠረጴዛ ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው። «አምስት ሺህ ጎደለኝ። አበልጄ፣ ካስቸገርኩህ ይቅር በለኝና… አምስት ሺህ ታበድረኛለህ?»

እስቲ አስቡት። ሃያ ሺህ አራት መቶ ፔሶዋ እኔ ጋ ነው። «ከገንዘቤ አምስቱን ስጠኝ» ማለት አፏ እምቢ አላት፤ «አበድረኝ» ማለት ግን ቻለች። እኛ ዘንድ መበደር ያሳፍራል፤ ያበደሩትን መጠየቅ ግን ከዚያ ይብሳል። የሚበደር ሰው የሚያዋርደው ራሱን ነው፤ ዕዳውን የሚጠይቅ ግን ሌላውን ሰው ያዋርዳል። ሊታ ደግሞ ሌላውን ከምታዋርድ ብትሞት ትመርጣለች። ይሉኝታ ይሉታል። እኔ በሊታ ላይ ሳየው በሽታ ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? ዛቻው ባዶ መሆኑን ልነግራት አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «አንቺ ራስሽ በቀን ሠላሳ ማስጠንቀቂያ ትጽፊ የለም እንዴ? ይህም ያው ነው» ልላት ይገባ ነበር። ግን ስላልጠየቀችኝ የተሰማኝ እፎይታ አፌን ዘጋው። ነገሩን ብከፍተው ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ኪሴ ውስጥ የካራኦኬው የሁለት ወር ኪራይ ነበረኝ። አምስት ሺህ ቆጥሬ ሰጠኋት። ቸር ሰው ሆንኩ! ዓይኗ እንባ አቀረረ። አይሆንም ብላት አልሰማ ብላ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣችና፣ «እኔ ኤስትሬሊታ ኑፋብሌ ከአቶ ኢሲድሮ ፓላብሪካ አምስት ሺህ ፔሶ ተበድሬአለሁ» ብላ ጽፋ ፈረመች። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የባቾዬንም ሒሳብ የከፈለችው እሷ ናት።

ሐሙስ ጠዋት አስፈቅዳ ወጣችና ሃምሳ ሺሁን ከፈለች። ከሰዓት በኋላ ሜርሊና ሱሪዬን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ወረቀቱን አገኘችው። ከሥራ ስመለስ እጇ በሳሙና እንደተነከረ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሊታ ቸግሯት ነው፤ አበደርኳት።»

«ከየትኛው ገንዘብ?»

«ከካራኦኬው ኪራይ።»

«ካራኦኬው የማን ነው?»

ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ አልኩ።

«ሲድሮ! ካራኦኬው የማን ነው? ከፍዬ ጨረስኩ ብለኸኝ አልነበረም?»

«ትንሽ ቀርቶኛል።»

«ስንት?»

ነገርኳት። አፏን ከፍታ አየችኝ። «ስማ አንተ ዓይን አውጣ! የሴትዮዋን በሬ ሰርቀህ ሥጋውን ለራሷ በብድር ሰጠሃት ማለት ነው? ፈርሚልኝም አልካት? እኔ እኮ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ነው የምቀመጠው! "ሰላም ላንቺ ይሁን" ብዬ እጇን ስይዛት በሆዷ ምን ትለኝ ይሆን?»

«እሷ ክፉ አታስብም።»

«እሱማ ነው ያጠፋት!»

እኔ ራሴን የማጸድቅ መስሎኝ፣ «ደግሞ እኮ በዕዳ አይታሰርም። የደወለው ልጅ ከወረቀት እያነበበ ነበር፤ ገና ሰኞ ነው ያወቅሁት» አልኳት።

«ይህን ነግረሃታል?»

አልነገርኳትም። ሜርሊና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መሳደብ ትታ ዝም ያለች ሚስት ከየትኛውም ጠበቃ ትብሳለች። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የአጎቷን ልጅ ጠራችው። መሽቶ መብራት ሳይበራ ካራኦኬው በአሥራ አንድ ሺህ ፔሶ ተሽጦ በጋሪ ወጣ። የጎደለውን ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ከእቁቧ አመጣችው፤ ለጥርሷ ብላ ያስቀመጠችው ነበር። ከፊት ሁለት ጥርስ የላትም። ፖስታውን ደረቴ ላይ ለጠፈችና፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቢሆንም ነገ ቢሮ ሲከፈት ሂድ። በኋላ በር አይደለም፤ እንደ ሰው ተሰልፈህ» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ሦስተኛው መስኮት ላይ ሮዝ ወረቀት ከያዙት ጋር ተሰለፍኩ። ስምንት ሰው ቀድሞኛል። ተራዬ ሲደርስ ሊታ በመስታወቱ ውስጥ አይታኝ ሳቀች።

«አበልጄ! አንተም ውሃህ ሊቆረጥ ነው?»

ፖስታውን በመስታወቱ ሥር ገፋሁላት። «የካራኦኬው ነው። ሃያ ሺህ አራት መቶ። አንድም አልቀረም።»

ፊቷ ቀላ። እመኑኝ፣ ያፈረችው እሷ ናት። «ምነው፣ ማን ምን አለህ? እኔ እኮ አልጠየቅሁህም።»

«አልጠየቅሽኝም።»

እንደ ደንበኛ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ከዚያ አምስት ሺህ ለይታ መልሳ ወደ እኔ ገፋችው። «ይሄ ያበደርከኝ ነው። ወረቀቴን ቅደድልኝ።»

«ሊታ፣ አብደሻል እንዴ? የልጁ ክፍያ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው!»

«ዕዳ ዕዳ ነው ሲድሮ።»

ገፋሁላት፤ መለሰችልኝ፤ ገፋሁላት። ከኋላዬ የተሰለፉ ሽማግሌ፣ «ኧረ ካልፈለጋችሁት እዚህ የሚፈልግ ሞልቷል!» አሉና ሰልፉ ሳቀ። ወረቀቷን ፊቷ ቀደድኩና ገንዘቡን እዚያው ትቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። የአለቃ ጉስቲሎን በር አንኳኳሁ። ሳይጠሩኝ ስገባ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

«የአየር ማቀዝቀዣውን ቀሪ ለሊታ ልወስድላት ነው» አልኳቸው።

«ያ? ያ እኮ የጥንት ነው!» ብለው ሳቁ። «እሷ ራሷ ለምን አልጠየቀችኝም?»

ሁለት ዓመት ለራሴ ስለው የነበረው ይህንኑ ነው፣ ቃል በቃል። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው እጄ ተነሥቶ ሊመታቸው ምንም አልቀረው። ሦስት ሺህ አውጥተው ሰጡኝ፤ «ለጊዜው» አሉ። ማሪዛ እያለቀሰች ሁለት ሺህ ሰጠች። ጥበቃው ከሆነ ሰው ተበድሮ አንድ ሺህ አምስት መቶ አመጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ደረሰ፤ ከዚያ በላይ ንቅንቅ አላለም።

ከሊታ ጋር በጂፕኒ ታክሲ ወደ መርከብ ወኪሉ ቢሮ ሄድን። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ እኔ በየመብራቱ ሹፌሩን እሰድባለሁ፤ እሷ ቦርሳዋን አቅፋለች። የደረስነው ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ጨዋ ልጅ ነበረች።

«እማማ፣ ግማሽ አንቀበልም።»

«ሰኞ እሞላዋለሁ ልጄ።»

«ቦታው ዛሬ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ቀጣዩ ከሰባት ወር በኋላ ነው።»

«እሺ። አመሰግናለሁ» አለች ሊታ። አመሰገነቻት! እኔ ጠረጴዛውን ልገለብጠው ፈልጌ ነበር፤ የማንን ጥፋት በማን ጠረጴዛ ላይ እንደምገለብጥ ግን አላወቅሁም።

ስንመለስ መቻል አቃተኝ። «አበልጄ፣ አያስሩሽም ነበር። ከሰኞ ጀምሮ አውቅ ነበር» አልኳት።

«እኔም ሳላውቅ አልቀረሁም» አለች። «እንዲህ ያለ ወረቀት ስጽፍ አይደል የምውለው? ግን እኔ የጻፍኩላቸው ሰዎችም ያውቃሉ፤ ቢሆንም እያለቀሱ ይመጣሉ።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። ራንዴል ቀጣዩን ዙር እስኪጠብቅ ወደቡ ላይ የስኳር ጆንያ ይሸከማል። ማክሰኞ ማክሰኞ የማነበው ሰፈር በዚያ ያልፋል፤ እኔ ግን እንዳላገኘው በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ባለፈው ማክሰኞ መንገዱ ተቆፍሮ መዞሪያ አጣሁ።

«የክርስትና አባቴ!» ሲል ሰማሁት። ጆንያውን አወረደ፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘና፣ ታላቅን እንደምናከብረው፣ ግንባሩ ላይ አስነካው። ግንባሩ በላብና በስኳር ይጣበቃል። ከስቷል።

«ከዚያ ወዲህ ባገኝዎት ላመሰግንዎት ስፈልግዎት ነበር» አለኝ። «እማዬ ነግራኛለች። ያን ጊዜ በጨነቃት ሰዓት ያለዎትን አውጥተው ያበደሯት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እጄን አልለቀቀውም፤ ምርቃቱን እየጠበቀ ነው። ከኋላው ጓደኞቹ «ራንዴል፣ ቶሎ በል!» እያሉ ይጮኻሉ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ» አልኩት።